ቀጭን ጥራዝ፣ ሙሉ ንባብ

ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1964 የመጻሕፍት ኅትመት አኃዞች በየአገሩ በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲሰበሰቡ ባወጣው ምክረ ሐሳብ፣ አንድ ኅትመት መጽሐፍ ለመባል ሽፋኑን ሳይጨምር ቢያንስ 49 ገጽ ሊኖረው እንደሚገባ አስቀምጧል። ከ5 እስከ 48 ገጽ ያለው በሌላ ምድብ፣ በፓምፍሌትነት ይቆጠራል። መስፈርቱ ለቆጠራ የተበጀ ነው፤ ስለ ጥበብ የሚለው ነገር የለም። ይሁን እንጂ ብዙዎቻችን ስለ ምክረ ሐሳቡ ምንም ሳንሰማ ይህንኑ ድንበር በልባችን ይዘን እናነባለን። 24 ገጽ ብቻ ያላት፣ በሁለት ስቴፕል ወይም በአንድ ክር የተያዘች፣ ጎኗ ላይ ርዕስ ለማተም እንኳ ስፋት የሌላት የግጥም ጥራዝ እጃችን ስትገባ፣ አንድ ቀን ለሚመጣው ዋና መጽሐፍ መንደርደሪያ አድርገን እንቆጥራታለን። እኔ በዚህ ግምት አልስማማም። ቀጭን የግጥም ጥራዝ ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው፤ የራሱ የአነባበብ ሥርዓት አለው፤ ያንን ሥርዓት የለመደ አንባቢም ከወፍራም መድብል የማያገኘውን ነገር ያገኝበታል።

ቻፕቡክ የሚባለው ይህ የጥራዝ ዓይነት የዘር ሐረጉ ረጅም ነው። ከ16ኛው እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን በብሪታንያ አዟሪ ነጋዴዎች ከመርፌ፣ ከክርና ከጥብጣብ ጋር በየመንደሩ ይዘውት ይዞሩ ነበር። አንድ ትልቅ ወረቀት በሁለቱም ፊቱ ይታተምና ደጋግሞ ሲታጠፍ 8፣ 12፣ 16 ወይም 24 ገጽ ይወጣዋል፤ በእንጨት ላይ ተቀርጾ የታተመ ሻካራ ሥዕል ይታከልበታል፤ ውስጡም የትረካ ዘፈን፣ ተረት፣ የሃይማኖት ምክር ወይም የጀግና ታሪክ ይሆናል። በፈረንሳይ የትሯ ከተማ አታሚዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በርካሽ ሰማያዊ ወረቀት የተሸፈኑ መሰል መጻሕፍትን ለሰፊው ሕዝብ አሠራጭተዋል። በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ደግሞ ኮርዴል የሚባሉት የግጥም ጥራዞች በገመድ ላይ ተሰቅለው ይሸጣሉ፤ ሻጩ፣ ብዙ ጊዜም ገጣሚው ራሱ፣ ገበያ መሐል ቆሞ ግጥሙን ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ይቆይና ታሪኩ ጡዘት ላይ ሲደርስ ያቋርጠዋል፤ ፍጻሜውን ማወቅ የፈለገ ጥራዟን ገዝቶ ይሄዳል። የአገሪቱ የቅርስ ተቋም ኮርዴልን እ.ኤ.አ. በ2018 በብሔራዊ የባህል ቅርስነት መዝግቦታል። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚስበኝ ግጥም በነዚህ ጥራዞች ውስጥ ከአፍ ብዙም አለመራቁ ነው። መታተሙን ታትሟል፤ ርዝመቱ ግን አንድ ሰው ቆሞ፣ ሌላው ሳይሰለች አዳምጦ ሊጨርሰው በሚችለው ልክ ነው። ዛሬም ጥሩ ቀጭን ጥራዝ ይህን ልክ አይስትም።

የዘመናዊው ግጥም ታሪክም ቢሆን ለትንንሽ አሳታሚዎች ብዙ ውለታ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1917 እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍና ባለቤቷ ሌናርድ አንዲት የእጅ ማተሚያ ገዝተው ለንደን አጠገብ ሪችመንድ በሚገኘው ቤታቸው በምግብ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ፤ ፊደሉን አንድ በአንድ እየለቀሙ፣ ጥራዙን በእጃቸው እየሰፉ የመጀመሪያ ሥራቸውን በ150 ቅጂ አወጡ። በዚያው ዓመት የቲ. ኤስ. ኤልየት የመጀመሪያ የግጥም መጽሐፍ ለንደን ውስጥ በአንዲት ትንሽ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት አሳታሚነት በ500 ቅጂ ታተመ። ከስድስት ዓመት በኋላ የዎልፎቹ ማተሚያ የዚሁኑ ገጣሚ ረጅም ግጥም 460 ገደማ በሆነ ቅጂ አወጣ፤ ያን ጊዜም ፊደሉን የለቀመችው ቨርጂኒያ ራሷ ነበረች። ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው የሚጠኑት እነዚህ ግጥሞች በዚህ መልክ መጀመሪያ የደረሷቸው አንባቢዎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ቢሰበሰቡ አንድ መካከለኛ አዳራሽ ይበቃቸው ነበር።

ወደ ትንሽ አሳታሚ የሚሄድ ገጣሚ ትልቁ በር ተዘግቶበት ነው ብሎ የሚያስብ ካለ፣ የግዌንዶሊን ብሩክስን ውሳኔ ልብ ይበል። ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1950 ፑሊትዘር የተባለውን ታላቅ የአሜሪካ ሽልማት በማግኘት ከጥቁር አሜሪካውያን የመጀመሪያዋ ነበረች፤ መጻሕፍቷም ለረጅም ዓመታት በአንድ ታላቅ የኒው ዮርክ አሳታሚ ቤት ሲወጡ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ1969 ግን አዲሱን ሥራዋን ይዛ የሄደችው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያውና ገጣሚው ደድሊ ራንዳል በ1965 ዲትሮይት ውስጥ ወዳቋቋመው ብሮድሳይድ ፕሬስ ነው። ይህ አሳታሚ ሥራ የጀመረው አንዲት ግጥም በአንድ ነጠላ ወረቀት እያተመ በመሸጥ ነበር። ስሟ የትም ሊያስገባት የሚችል ገጣሚ፣ በሙሉ አቅሟ ላይ ሳለች፣ ሥራዋ በጥቁሮች እጅ ታትሞ እንዲወጣ መረጠች። እንዲህ ያለ ምርጫ በቀጭኑ ጥራዝ ታሪክ ውስጥ ደጋግሞ ይታያል፤ ገጣሚው ለማን እንደሚናገር ሲያውቅ የአሳታሚው መጠን ከአንባቢው ማንነት ያነሰ ጉዳይ ይሆናል።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ በአህጉራችን ግጥም ላይ ትልቅ ሥራ የሠራው በእንዲህ ያለ ጥራዝ የተጀመረ ጥረት ነው። ክዋሜ ዳውስ እ.ኤ.አ. በ2012 ከሌሎች ገጣሚያን ጋር ያቋቋመው አፍሪካን ፖየትሪ ቡክ ፈንድ፣ ከ2014 ጀምሮ የወጣት አፍሪካውያን ገጣሚያንን ቀጫጭን ጥራዞች በአንድ ሳጥን አድርጎ ያወጣል። በ2014 የብሩነል ዩኒቨርሲቲን የአፍሪካ ግጥም ሽልማት ያሸነፈችው ኢትዮጵያዊት ገጣሚ ልዩ ልብሰቃል የመጀመሪያ ጥራዟን ያወጣችው በ2015ቱ ሳጥን ውስጥ ነበር። የሳጥኑ ሐሳብ ለእኔ ከማሸጊያ ብልሃት በላይ ነው። ስምንት ገጣሚያን በአንድ አንቶሎጂ ቢታተሙ እያንዳንዳቸው ጥቂት ግጥም ይዋጣሉ፤ አንባቢው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ድምፆቹ ይቀላቀሉበታል፣ አርታኢው የመረጠው የጋራ መልክም ከሁሉም በላይ ይጎላል። በሳጥኑ ውስጥ ግን እያንዳንዱ ገጣሚ የራሱ ሽፋን፣ የራሱ መጀመሪያና የራሱ መጨረሻ አለው። አንዱን ጨርሶ ሌላውን ለመጀመር እጅ መንቀሳቀስ አለበት። ያቺ ትንሽ እረፍት ጆሮን ታጠራለች።

እስካሁን ስለ ታሪክ ተናገርሁ፤ ቅርጹን ግን ከሁሉ በላይ የሚያስረዳው አሠራሩ ነው። አንድ ወረቀት አንዴ ሲታጠፍ አራት ገጽ ይሆናል፤ የታጠፉ ወረቀቶች አንዱ በሌላው ውስጥ ገብተው በመሐል እጥፋታቸው ላይ ሲሰፉ ወይም በስቴፕል ሲያዙ የገጹ ቁጥር ምንጊዜም ለአራት የሚካፈል ነው። 20፣ 24፣ 28፣ 32። ስለዚህ 25 ገጽ የሚሞላ ግጥም ያለው ገጣሚ አንዱን መጣል ወይም ሦስት ገጽ የሚሞላ መጨመር አለበት። ከ24ቱ ላይ የርዕሱ ገጽ፣ የመብት ገጹ፣ ማውጫ ካለም እርሱ፣ የመጨረሻውም የኅትመት መግለጫ ሲቀነሱ ለግጥም የሚተርፈው ቢበዛ 20 ገጽ ነው። በዚህ ስፍራ ደካማ ግጥም መደበቂያ የለውም። ሰማንያ ግጥም ባለበት መድብል ውስጥ አምስት ስድስቱ ቢዳከሙ አንባቢው ገልጦ ያልፋቸዋል፤ አሥራ አምስት ባለበት ግን አንዲቱ ስትደክም አጠገቧ ያሉት ሁለቱም ይጎዳሉ። የቀጭን ጥራዝ አርታኢ ሥራ ከባድ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ የአርታኢውንም ችሎታ ከማውቅባቸው ምልክቶች ዋነኛው የቀረ ግጥም ሳይናፍቀኝ ጥራዙን መጨረሴ ነው።

የገጹ ስፋትም ይናገራል። አብዛኞቹ እነዚህ ጥራዞች አንድ የተለመደ የቢሮ ወረቀት ለሁለት ሲታጠፍ በሚያወጣው መጠን የተሠሩ ናቸው። ስንኙ ረጅም የሆነ ገጣሚ በዚህ ጠባብ ገጽ ላይ ሲታተም የስንኙ ጫፍ ወደ ታች ይወድቃል፤ ጥንቃቄ የጎደለው አሳታሚ ከሆነ አንባቢው ስንኙን የቆረጠው ገጣሚው ይሁን ወረቀቱ መለየት ያቅተዋል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስንኝ የሚቆምበት ቦታ የግጥሙ ትንፋሽ ነው፤ ትንፋሹ ያለቦታው ሲቆረጥ ትርጉሙም አብሮ ይዛባል። አስተዋይ አሳታሚ በዚህ ጊዜ ጥራዙን በወርዱ አግድም ያደርገዋል፣ ፊደሉን በጥቂቱ ያሳንሳል፣ ወይም ያንን ግጥም ወደ መሐለኛው ትይዩ ገጽ ይወስደዋል። መሐለኛው ትይዩ ገጽ ልዩ ነው፤ ግራና ቀኙ በአንድ ወረቀት በአንድ ፊት ላይ የታተሙ ብቸኛ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ጥራዙ ያለምንም ግፊት ተዘርግቶ የሚተኛውም እዚያ ላይ ነው፤ የተሰፋበት ክር በውስጥ በኩል በግልጽ የሚታየውም እዚያ ብቻ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረችኝ አንዲት ጥራዝ ናት። ገጣሚዋ በሆስፒታል የሌሊት ተረኛ ሆና የምትሠራ ነርስ ናት፤ ጥራዟ 24 ገጽ ናት፣ ሽፋኗ ግራጫ ሻካራ ወረቀት ነው፣ በሦስት ቀዳዳ በጥቁር ክር ተሰፍታለች። አሥራ ሦስት ግጥሞች አሏት፤ ርዕሶቻቸው ሰዓቶች ብቻ ናቸው። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ይጀምሩና ሁለት፣ ሦስት እያሉ ከንጋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያበቃሉ። የመጀመሪያዎቹ ግጥሞች በሰው የተሞሉ ናቸው፤ ጠያቂ ዘመድ ይወጣል፣ ተረኛ ከተረኛ ይረካከባል፣ የመድኃኒት ጋሪ ይገፋል፣ ስንኞቹም ረዘም ያሉና የተጠጋጉ ናቸው። ሌሊቱ እየገፋ ሲሄድ ስንኞቹ ያጥራሉ፣ በመካከላቸው ያለው ነጭ ቦታም ይሰፋል። ሰባተኛዋ ግጥም፣ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት፣ የምትገኘው ልክ መሐለኛው ትይዩ ገጽ ላይ ነው። በግራ በኩል ስለ አንድ አልጋ ቁጥር የሚናገሩ ጥቂት ስንኞች አሉ፤ በቀኝ በኩል ምንም የለም። በሁለቱ መካከል ጥቁሩ ክር ከላይ ወደ ታች ይታያል። ሰው መሞቱን ግጥሟ በየትኛውም ስንኝ አትናገርም። በሚቀጥለው ገጽ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ይመጣል፣ ነርሷም አንሶላ ትቀይራለች።

ይህች ጥራዝ በወፍራም መድብል ውስጥ አንድ ክፍል ሆና ብትገባ ግጥሞቹ አንድም ቃል አይጎድልባቸውም ነበር። ነገር ግን ባዶው ገጽ ከመሐል ይወጣል፣ ክሩ አይታይም፣ ከንጋቱ አንድ ሰዓት በኋላም ሌላ ክፍል ይቀጥላል። በጥራዟ ውስጥ ግን ከመጨረሻው ግጥም በኋላ ያለው ሽፋኑ ነው፤ ተረኛዋም አንባቢውም አብረው ይወጣሉ። ቀጭን ጥራዝ ራሱን የቻለ ቅርጽ ነው ስል ይህንን ማለቴ ነው። በተጨማሪም ልብ ያልሁት፣ ጥራዟ ስለ ነርስነት ትልቅ ቃል አለመናገሯን ነው። አንድ ሌሊት ብቻ ይዛ፣ ያንን ሌሊት እስከ መጨረሻው ሄዳበታለች። ብዙ ጉዳይ ለመያዝ የሚሞክር ቀጭን ጥራዝ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉም ጥቂት ጥቂት ይነካና ያልቃል፤ አንድ ነገር መርጦ የሚቆፍር ግን መጠኑ በትክክል ይበቃዋል።

ስለ ቅደም ተከተል ከተነሣ የአሜሪካዊቷን ገጣሚ የኤሚሊ ዲክንሰንን ጉዳይ ማለፍ አይቻልም። ዲክንሰን በሕይወት ሳለች ከታተሙላት ጥቂት ግጥሞች በቀር ሥራዋ በቤቷ ተቀምጦ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1886 ስታርፍ እኅቷ ላቪኒያ ያገኘቻቸው ወረቀቶች መካከል ገጣሚዋ ግጥሞቿን በንጹሕ ገልብጣ፣ ወረቀቱን አጥፋ፣ በመርፌና በክር የሰፋቻቸው 40 ትንንሽ ጥራዞች ነበሩ። በውስጣቸው ከ800 በላይ ግጥሞች ይገኛሉ። የመጀመሪያዎቹ አርታኢዎች በ1890 ለኅትመት ሲያዘጋጁ የገጣሚዋን አደራደር ትተው ግጥሞቹን ሕይወት፣ ፍቅር፣ ተፈጥሮ፣ ጊዜና ዘለዓለም በሚሉ ርዕሶች ሥር መደቧቸው፤ ጥራዞቹም ከጊዜ በኋላ ተፈቱ። የክሩን ቀዳዳ፣ የቀለሙን ነጠብጣብና የወረቀቱን እጥፋት እየመረመረ የቀድሞውን ቅደም ተከተል መልሶ ያቀናው ተመራማሪ ራልፍ ፍራንክሊን ውጤቱን በፎቶ ቅጂ ያሳተመው በ1981 ነው። አንባቢ ግጥሞቹን ገጣሚዋ ጎን ለጎን ባኖረቻቸው መልክ ታትመው ለማየት አንድ ክፍለ ዘመን ያህል ጠብቋል ማለት ነው። ተመራማሪዎች ዲክንሰን ጥራዞቹን የሰፋችው እንደ አንድ ወጥ ሥራ አስባ ነው ወይስ ወረቀቶቿን በሥርዓት ለማስቀመጥ ብቻ በሚለው ላይ እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። እኔ ወደ መጀመሪያው አደላለሁ፤ አንዲት ገጣሚ ግጥሟን በንጹሕ ገልብጣ በክር ስትሰፋ፣ ይህ ከዚያ ቀጥሎ ይነበብ እያለች እንደሆነ ማመን ይቀለኛል።

ከዚህ የተነሣ ቀጭን ጥራዝን ገልጦ ከመሐል አንድ ግጥም መርጦ ማንበብ ለእኔ የሚመከር አይደለም። በመጀመሪያው ንባብ ከሽፋን እስከ ሽፋን በአንድ መቀመጫ አነበዋለሁ፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሰዓት በታች ይበቃቸዋል። በዚህ ጊዜ ያልገባኝ ስንኝ ቢኖር አልቆምም፣ እርሳስም አልይዝም። የምፈልገው የጠቅላላውን አካሄድ መስማት ነው፤ የት እንደሚፈጥን፣ የት እንደሚከብድ፣ ድምፁ የት ላይ እንደሚለወጥ። ሁለተኛውን ንባብ በሌላ ቀን፣ ድምፄን አውጥቼ አደርገዋለሁ። ዓይን የሚምራቸውን ጉድለቶች አፍ አይምራቸውም፤ ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ቃል፣ ምጣኔውን ለመሙላት የተጎተተ ሐረግ፣ ወይም ገጣሚው ካነበበው ሌላ ገጣሚ ተውሶ ያልመለሰው ዜማ ወዲያው ይያዛል። በተቃራኒው በዓይን ሲያዩት ደረቅ የመሰለ ግጥም በድምፅ ሲነበብ ሕይወት ሲዘራ ብዙ ጊዜ ገጥሞኛል። ሦስተኛው ንባብ ጥያቄ ይዞ የሚሄድ ነው፤ የመጀመሪያው ግጥም ለምን መጀመሪያ ሆነ፣ የመጨረሻውስ ዘጋው ወይስ ከፈተው፣ የጎን ለጎን ገጾች ሁለት ግጥሞች ምን ይነጋገራሉ። ከዚህ በኋላ ነው እርሳስ የማነሣው።

የመጨረሻውን ገጽ፣ የኅትመት መግለጫውን ግን ከሁሉ አስቀድሜ አነባለሁ። የፊደሉ ቅርጽ ስም፣ የወረቀቱ ዓይነት፣ ማን እንዳሰናዳው፣ ማን እንደሰፋው፣ ስንት ቅጂ እንደታተመ እዚያ ይጻፋል፤ አንዳንዴም የቅጂው ተራ ቁጥር በእጅ ይሞላል። ሥራውን የሠሩት ሰዎች ስማቸውን በኩራት ያስቀመጡበት ገጽ ነው፤ ከዚያ ብዙ ይታወቃል።

ቅርጹን መውደዴ ጉድለቱን እንዳላይ አያደርገኝም። በብዙ አገሮች ትንንሽ አሳታሚዎች ጥራዝ የሚመርጡት በዓመታዊ ውድድር ነው፤ ለውድድሩም ገጣሚው የመግቢያ ክፍያ ይከፍላል፣ በዚያ ክፍያም የአሸናፊው ጥራዝ ኅትመት ይሸፈናል። አሳታሚው ሌላ የገቢ ምንጭ እንደሌለው እረዳለሁ፤ ይሁንና አሠራሩ በግጥሙ ላይ የሚተወው አሻራ አለ። መቶ ረቂቅ ለሚገልጥ ዳኛ የተዘጋጀ ጥራዝ ጠንካራ ግጥሞቹን ሁሉ ከፊት ይደረድራል፣ ከመሐል በኋላም ይላላል። አንድ ርዕሰ ጉዳይ ይኑረው የሚለው ምክርም ሲበዛ ይጎዳል፤ አሥራ አምስቱም ግጥሞች ያንኑ ሐሳብ በተለያየ ልብስ ካቀረቡ፣ ሦስተኛው ላይ የደረሰ አንባቢ የቀሩትን አስቀድሞ ያውቃቸዋል። የነርሷ ጥራዝ ከዚህ የዳነችው ሰዓቱ ስለሚሄድ ነው፤ ጉዳዩ አንድ ቢሆንም አንዱ ግጥም ባለበት ሌላው የለም። ጥራዙን እንደ ብርቅ ዕቃ ብቻ መሰብሰብም አለ። የተፈረመበት፣ ቁጥር የተሰጠው፣ በእጅ በተሠራ ወረቀት ላይ የታተመ ጥራዝ በፕላስቲክ ተሸፍኖ አንዴም ሳይገለጥ ዓመታት ይቀመጣል። ወረቀቱና ክሩ የተመረጡት ግጥሙን እንዲያገለግሉ ነው፤ ካልተነበበ የሠሩት ሰዎች ድካም ከንቱ ይሆናል። በስቴፕል የተያዘ፣ በፎቶ ኮፒ የተባዛ፣ ነገር ግን ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ የተበላ ጥራዝ በእኔ ሚዛን ይበልጣል።

ስለ አንባቢው ድርሻ ሳስብ ነገሩ ይበልጥ ይከብደኛል። 150 ቅጂ ከታተመ ጥራዝ ላይ የተወሰነው ለገጣሚው ወዳጆች ይሰጣል፣ የተወሰነው ለመጽሔቶች ይላካል፣ የተወሰነው ካርቶን ውስጥ ይቀራል። እስከ መጨረሻው ገጽ በጥሞና የደረሱ ሰዎች ቁጥር ከእነዚህ ሁሉ ያንሳል። ብዙ ሺሕ ቅጂ ለተሸጠ ልብ ወለድ የአንድ አንባቢ አስተያየት በብዙ ድምፆች መካከል ይሰጥማል፤ ለእንዲህ ያለ ጥራዝ ግን ያ አንድ አስተያየት በሕይወት ዘመኑ የሚያገኘው ብቸኛው ትችት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንብቦ ዝም ማለት እዚህ ላይ ሌላ ትርጉም አለው።

የሚነገረው ነገር ደግሞ እውነት መሆን አለበት። በዚህ ጠባብ ክበብ ውስጥ ገጣሚው፣ አሳታሚውና ገምጋሚው ብዙ ጊዜ የሚተዋወቁ ናቸው፤ በዚህም የተነሣ ውዳሴ ይበዛል። «ድንቅ ሥራ ነው» የሚል አስተያየት ገጣሚውን ለአንድ ምሽት ያስደስተው ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ግጥም ሲጽፍ ግን አይጠቅመውም። ይልቅስ በስምንተኛው ገጽ ያለችው ግጥም በአራተኛው ስንኟ ላይ ማብቃት ይገባት እንደነበር፣ ወይም በአሥራ ሁለተኛው ገጽ ያለው ዝምታ ምን እንዳደረገብኝ ብነግረው፣ ቃል በቃል እንዳነበብሁት ያውቃል። ለገጣሚ ከዚህ የበለጠ አክብሮት አላውቅም። እንዲህ ያለ ደብዳቤ በአሳታሚው በኩል ልኬ መልስ ያላገኘሁባቸው ጊዜያት አሉ፤ መልስ መጠበቅም አስፈላጊ አይደለም። አንድ ገጣሚ ግን የጠቆምሁትን ስንኝ በኋላ በወጣው ሙሉ መድብሉ ውስጥ ሳይለውጥ ትቶት አየሁ፤ ደግሜ ሳነበው ትክክል የነበረው እርሱ መሆኑን የሚያሳይ ምክንያት በሚቀጥለው ግጥም ውስጥ አገኘሁ። እንዲህ ያለው ክርክር፣ ያለ አንዲት የቃል ልውውጥ፣ በሁለት መጻሕፍት መካከል ሊካሄድ የሚችለው አንባቢው በቅርብ ሲያነብ ብቻ ነው።

ግዢውን በተመለከተ ከቻልሁ በቀጥታ ከአሳታሚው ወይም ከገጣሚው እገዛለሁ። መጻሕፍት ሻጭ ከሽፋን ዋጋው ላይ የሚወስደው ድርሻ ለወፍራም መጽሐፍ የሚቻል ሲሆን፣ በጥቂት ቅጂ ለታተመ ቀጭን ጥራዝ ግን የወረቀቱን ወጪ እንኳ ላያስቀር ይችላል። አንዳንድ አሳታሚዎች የዓመቱን ጥራዞች ሁሉ አስቀድሞ በመክፈል የሚቀበል ደንበኛ ይመዘግባሉ፤ ይህን በጣም እወደዋለሁ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ ብመርጥ ኖሮ ፈጽሞ የማላነሣቸውን ገጣሚያን አምጥቶልኛል።

በመጨረሻ የማቆየት ጉዳይ አለ። ቀጭን ጥራዝ ጎን ስለሌለው መደርደሪያ ላይ በሁለት ወፍራም መጻሕፍት መካከል ከገባ ይጠፋል። ቤተ መጻሕፍት ሲቀበሉት ብዙውን ጊዜ ሳጥን ውስጥ ያኖሩታል፣ ወይም ከሌሎች ጋር ጠርዘው በአንድ ጠንካራ ሽፋን ሥር ያደርጉታል፤ የኋለኛው የግጥሙን ዕድሜ ያስረዝማል፣ የጥራዙን መልክ ግን ያጠፋል። ስቴፕሉ ሲዝግ በመሐለኛው ገጽ ላይ ቡናማ እድፍ ያሳርፋል፤ አሲድ ያለበት ርካሽ ወረቀት ይቢጫል፣ ቆይቶም ይሰባበራል። እኔ ጥራዞቼን አሲድ በሌለው ወረቀት ጠቅልዬ አግድም አስተኛቸዋለሁ፤ በእርሳስም ከማን እንዳገኘሁትና መቼ እንደሆነ በመጨረሻው ገጽ ጥግ ላይ እጽፋለሁ፤ ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ስለሌላቸው ይህ ማስታወሻ አንድ ቀን ለተመራማሪ ብቸኛው ፍንጭ ሊሆን ይችላል። አሳታሚው ሲዘጋ፣ በአንድ ሰው ትጋት የቆመ አሳታሚ ደግሞ ሰውየው ሲደክመው ይዘጋል፣ የኮምፒውተር ፋይሉም የተረፉት ቅጂዎችም አብረው ይበተናሉ። ስለዚህ ሁለት ቅጂ መግዛት በቻልሁ ጊዜ ሁለተኛውን ለቤተ መጻሕፍት እሰጣለሁ፤ ስሰጥም በገጣሚው ስም፣ በርዕሱና በአሳታሚው ስም ተለይቶ ካታሎግ ውስጥ እንዲገባ እጠይቃለሁ። «ልዩ ልዩ በራሪ ጽሑፎች» በሚል ጥቅል ስያሜ ሥር የገባን ጥራዝ መኖሩን የሚያውቅ ሰው እንኳ ፈልጎ አያገኘውም።